የፎቶው ጠርዝ

ከለገሃር በላይ፣ ረዳት ከሚጮኽበት፣
የሯጮች አዳራሽ፣ ወርቅ የሚታይበት፣
ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። ማለዳ ማለዳ
እወለውላለሁ መስታወት በሶዳ።

ሰባተኛው ፎቶ፦ ሻምፒዮኑ አፍጥጦ፣
ጠርዙ ላይ አንድ ክርን በክፈፍ ተቆርጦ።

የኔ ነው ያ ክርን። ሃያ ዙር ንፋሱን
ስገምስ በደረቴ፣ እንዲያተርፍ ነፍሱን።
አሯሯጭ ነበርኩኝ፤ ደወሉ ሳይመታ
ሣሩ ላይ ወጣሁኝ ጫማዬን ልፈታ።

አባቴ ስም ሲያወጣ «ወርቅያንሳ» ብሎ፣
«ያንሳ»ን ከ«ያንሰዋል» ሄደ አቀላቅሎ።

ትናንትና አንዲት ልጅ፣ ዩኒፎርም ለብሳ፣
«ጋሼ፣ ይሄ ክርን የማነው?» አለችኝ።
ዝም ብዬ ጠረግሁ።
ፎቶውን አየችና፣
ክርኔን አየች መልሳ።