የወርቅ ሚስማር

ከአዘዞ ተገንጥሎ በሚወጣው የጭልጋ መንገድ፣
ዶዘር ገደሉን ሲልጥ፣ ሲንድ፣
ንብብር ወጣ፦ ቀይ፣ ግራጫ፣ ከሰል፣
እንደ ተከመረ የፍርድ ቤት ፋይል።

እኔ የሄድሁት ለሌላ ጉዳይ፣
ወንድማማች በተካሰሱበት አንድ ክንድ መሬት ላይ
ችካል ልመታ።
አንጓችን አገኘኋት፣ ገደሉ ሥር ተንበርክካ፣
ጣቷን በምራቅ አርሳ የአመድ መስመር ስትነካ።

«ከዚህ በታች ቅጠል አለ፣ ደን ነበረ» አለችኝ፤
«ከዚህ በላይ ዝምታ ነው።» ጣቴን ይዛ አስነካችኝ።
«ማን ቀየሰው?» አልኋት፣ በሙያዬ ቀናሁና።
«ያለቁት ናቸው» አለች፤ «ሌላ ቀያሽ የለምና።
ዘመነ ማቴዎስስ በአራት ዓመት ይመለሳል፤
የድንጋዩ አንዴ ካለፈ ስሙ ብቻ ይወረሳል።
ሊቃውንቱ ተከራክረው፣ እጅ አውጥተው ሲስማሙ፣
የወርቅ ሚስማር ይመታሉ ወሰኑ ላይ፣ በስሙ።»

ሳቅሁ። «እኛ ዘንድ ወርቅ? አንድ ሌሊትም አያድር!
የባሕር ዛፍ ችካሌ እንኳ ይነቀላል ለአጥር።»

ማታ ግንቡ ደጃፍ፣ አስጎብኚው «አራት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው» ይላል፤
የኖራውን ነው የቆጠረው፤ ድንጋዩ መች ተጠይቋል?
እሳት ሆኖ ከፈሰሰ፣ አንጓች እንዳለችኝ፣ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት፣
«ሲደመር ሲቀነስ ጥቂት።»
ያ «ጥቂት» ነገሥታቱን ሁሉ ይውጣል፣ ከነፈረስ ጋጣቸው።

በማግስቱ ታናሽየው ችካሌን አንድ ስንዝር ገፍቶት ጠበቀኝ።
ታላቅየው ዱላ ይዟል።
አልተቆጣሁም። ተንበረከክሁ፣ ጣቴን አርሼ
አፈሩን ዳሰስሁት፤
መስመር የለውም።
ገና ነው መሰል፤
ሁለቱም በሕይወት አሉ።