የአመዴ ጥርስ

የአመዴን ቤት እኔ በጄ ነው የሠራሁ፣
ለመስኮት ከመጣ ብረት ቆራርጬ ጥጉን አጥብቄ በየድሁ፣
በሞረድ አለስልሼ አረንጓዴ ቀለም ሁለት እጅ ቀባሁ፤
ከአውቶ ፓርኮ ማዶ ካለው ሱቄ በባጃጅ ጭኜ
ለልጄ ለውብነሽ፣
«ዕድሜ ልክ ይበቃዋል» ብዬ አስረከብሁ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ቅርጭ።
ጎንደር በጊዜ በሩን ዘግቶ ሲያድር፣
ባጃጅ ሳይንጫጫ፣ ውሻ መጮህ ሲያፍር፣
የአንድ ጥንቸል ጥርስ ከብረት ሲማከር፣
በጨለማ ለሰማው ወህኒ ሰባሪ ነው፣
መጋዙን የሚገፋ፣ የማይቸኩል ሰው።

መጀመሪያ ጮህሁ፤ በዱላ ጫፍ ቤቱን ነረትሁ።
ዝም አለ።
እፎይ ብዬ ጋደም ስል፣ ቅርጭ።
በማግሥቱ በርበሬ በዘይት ለውሼ ብረቱን ቀባሁ፤
አስነጠሰው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ፣ ጠረገና
ወዳልተቀባው ጥግ ዞሮ፣ ቅርጭ።
ከዚያ ካሮት ሰጠሁት። ተገላገልሁ!
(ጉቦም እንዲህ ነው መቼም የሚጀመረው፣
እንቅልፉን የሚወድ ሰው ነው የሚያስለምደው።)
ከዚያ ወዲያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ቅርጭ፣ ካሮት፤
ቅርጭ፣ ካሮት፤
እኔ በባዶ እግሬ ጓዳና ሳሎን ስመላለስ
እሱ በጥርሱ ደውል አሽከሩን ይጠራል።

ጓሮ የተከራየችው ትብለጥ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዋ፣
አንድ ጧት የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች መጥታ አየችው፤
ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ፣
«ጋሼ ደርበው፣ ይኸ ጥርስ እኮ አያቆምም፤
እንደ ጥፍር ነው፣ እስኪሞት ያድጋል፤
ድርቆሽ ካልፈጨበት፣ እንጨት ካልጋጠበት ምን ያድርገው?
ብረት ደግሞ አይሞርደውም፣ ይሰነጥቀዋል።
ቀለሙንስ ለምን ያብሉታል?»
ከዚያ ቤቱን በስንዝሯ ለካች፤ ሦስት በአራት።
«እስኪ እዚህ ውስጥ ስንት ጊዜ ይዘላል?»
ቆጠርሁ።
አንድም አይዘል።
ብየዳውን ነበር እንጂ የለካሁ፣ ዝላዩን አልለካሁም።

የዚያን ቀን በነገሥታቱ ግቢ አጥር ሥር ሳልፍ
ባዶው የአንበሳ ቤት ትዝ አለኝ።
ልጅ ሆኜ ገብቼ ድንጋዩን በእጄ ዳብሻለሁ፤
ኖራው እንዴት እንደያዘ፣ ቅስቱ እንዴት እንደቆመ፣
ግንበኛውን አድንቄ ወጣሁ።
ስለ አንበሳው የጠየቅሁት ነገር አልነበረም።

ማታ ለሚስቴ ብነግራት ሳቀች፤
«ሰዓት እላፊ ከመጣ ወዲህ አንተስ መቼ ተኛህ?
ጥርስህን ስታፋጭ ታድራለህ፤
እኔ ግን ካሮት አላመጣሁልህ።»

ቅዳሜ ግራይንደሩን ይዤ መጣሁ።
ውብነሽ ጆሮዋን ደፈነች፤ የብረቱ ፍንጣሪ በረንዳው ላይ ዘነበ፤
አንዱን ጎን እንዳለ ቆርጬ ጣልሁት፤
የገዛ ብየዳዬ መልቀቅ አልፈልግም ብሎ አታገለኝ።
በረንዳውን በጣውላ ከለልን።
ከቀሃ ዳር የአኻያ ቅርንጫፍ፣
ከሱቅ ባዶ ካርቶን፣ ከአዘዞ አንድ እስር ድርቆሽ።
አመዴ ግማሽ ቀን ከቆረጥሁት ጎን አልወጣም፤
አፍንጫውን እያንቀጠቀጠ፣ ያልነበረውን ብረት እያሸተተ።
ከዚያ ወጣ፤
ሮጠ፤ አየር ላይ ተጣመመ፤ ወገቡን ወዲያ፣ ጭንቅላቱን ወዲህ፤
ውብነሽ «አመመው!» ብላ አለቀሰች።
ትብለጥ፣ «ደስ ብሎት ነው» አለች።

ከባዱ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሲጮህ አለመነሣት።
ድርቆሹን ቀድሞ፣ ማታ፣ ዝም ባለበት ሰዓት መስጠት፤
ሌሊት ቢጠራ ጣራውን እያዩ መተኛት።
አምስት ሌሊት ጠራኝ። በስድስተኛው አሳጠረ።

ትናንትም ነቃሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ በልማዴ።
ቅርጭ፣ አለ አንድ ጊዜ።
ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።
የመጣው የድርቆሽ ድምፅ ነው።