ባዶው ኪስ

ፖቶሲ ከተማ፣ ከብር ተራራ ሥር፣
ኤውሎጂያ ሰፋች አሥር ኪሶች በክር።
ካሮጌ ላስቲክ ነው፣ የሻወር መጋረጃ፤
ማኅተም የሌለበት፣ ያልወጣለት ደረጃ።

አምና ነው ነገሩ። ሳቱርኒና መጣች፣
ከወለደች ወዲያ ሆዷን እንደያዘች።
ሐኪሞች ሲከፍቷት፣ ተረስቶ የኖረ
አንድ ፋሻ አገኙ፣ ከሥጋዋ ያበረ።
«ማን ነበር ቆጣሪው?» ብለው ቢጠይቁ፣
ሁሉም ቆጥረው ነበር፣ ድካም እየናቁ።

ዛሬ ሌሊት ደግሞ ዶክተር አናክሌቶ
መርፌውን ጠየቀ፣ ሰዓቱን አይቶ።
ዘጠኙ ኪስ ሞልቷል ደም በጠጣ ፋሻ፤
አሥረኛው ከፍቷል አፍ፣ እንደራበው ውሻ።
«ዶክተር፣ አንድ ይቀራል።» «ይቅር፣ ሌሊት ነጋ!»
«ኪሱን ይዩት» አለች፤ «ይሙላና ይዘጋ።»

ሁሉ ቆፍሮ አዳሪ በሆነበት አገር፣
ባዶ ኪስ የት አውቆ በሰው ፊት ሊናገር?
ዛሬ ተናገረ።
                    ሐኪሙ ተከዘ፣
እጁን ከጉበት ሥር ልኮ አንድ ነገር ያዘ።

አሥረኛው ኪስ ሞላ። ማንም ጎሽ አላላት።
ዶክተሩ ሲወጣ «መብራት አጥፊ» አላት።
ሲነጋ ያን ላስቲክ አጥባ አሰጣችና፣
አሥሩን ባዶ ኪሶች ቆጠረች እንደገና።