እርማት

ባለፈው ሐሙስ፣ በዚሁ ዓምድ፣ በዚሁ ገጽ ላይ፣
ከሐይቁ ዳር፣ ከእህል ጎተራው ጥግ ስላለች ምግብ ቤት
ጽፌ ነበር፤ ስለ አተር ሾርባዋ በተለይ።
«ጥድፊያ ያልነካው» ብዬ፣ «ሌሊቱን በዝግታ የበሰለ፣
እንባ የተከፈለበት ሽንኩርት ከሥሩ፣ ትዕግሥት ከላዩ ያለ፤
ይህች ሴት ባለሙያ ናት፤ ይህ ሾርባ እጅ ያለበት ነው፤
የተንደር ቤይን ክረምት በማንኪያ የሚረታው።»
ግሌንዳ፣ አዘጋጇ፣ ምስጋና የሚተናነቃት፣
ሁለት ቅጽል ብቻ ሰርዛ፣ «ይውጣ» ብላ ፈረመችበት።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ።
«አይላ ነኝ፣ ከምግብ ቤቱ።» ድምጿ እንደ ብስኩት ደረቅ።
«ሾርባው የቆርቆሮ ነው።»
ዝም አልኩ።
«ከጅምላ መደብር፣ በደርዘን፣ ቅናሽ ሲኖር የምገዛው።
ውሃ እጨምርበታለሁ። ሲያሰኘኝ ቁንዶ በርበሬ፤ ይኸው ነው።
ካንተ ጽሑፍ ወዲህ ሰው ይመጣል፤ እጄን ፎቶ ያነሳል፤
‹ሽንኩርቱን የከተፈው የቱ ነው?› ይለኛል። ምን ልበል? ምን ይባላል?»

ጋዜጣ ሲሳሳት ያርማል። የሟች ስም ፊደል ሲገደፍ፣
የሆኪው ውጤት ሲገለበጥ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በጫፍ፣
በብናኝ ፊደል «ይቅርታ» ብሎ ያልፋል።
የኔ ግን እንዲያ አያልፍም፤ የገደፍኩት ፊደል አይደለም፤
ሳላይ ነው የመሰከርኩ፤ ኩሽናዋን አንድ ቀን አልረገጥኩም።

ስለዚህ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
በጓሮ በር ገባሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ እንደ ካሳ።
አይላ ደረጃው ላይ ጨው እየበተነች፣
«እዚያ ቁም። ምንም አትንካ» አለች።

ኦርቪል ነው ሁሌ ቀዳሚው። አርባ ዓመት ስንዴ የጫነበት እጅ
ዛሬ በገዛ ፈቃዱ ይርገበገባል፤ የቅጠል እንጂ
የሰው አይመስልም።
አይላ የሻዩን ሲኒ እስከ ግማሽ ሞላችለት። ጥቂት ቆይታ፣
ስለ በረዶ ጠራጊው እያወራች፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መርታ፣
ሌላ ግማሽ። ከዚያ ሌላ። ጠረጴዛው ላይ ጠብታ የለም።
ሂሳቡ ያንድ ሲኒ ነው። ኦርቪል ያወቀ አይመስለኝም፤
ወይም ያውቃል፤
ያኔ ባለሙያዎቹ ሁለት ናቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዓምድ፣ በየሳምንቱ ስድስት መቶ ቃል።
ቤቴ ገብቼ ያለፈውን ጽሑፌን ደግሜ አነበብኩት፤ ያሳፍራል።
«ትዕግሥት።» «ሌሊቱን በዝግታ።» ይህንን መቼ ነው ያበሰልኩት?
ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ውሃ ነው የጨመርኩበት።
ዓምና ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ካቻምና ስለ ጫማ ሰፊው፣
ያው ትዕግሥት፣ ያው እንባ፤ የተለወጠው ስሙ ነው።

«የሻዩን እንዳትጽፍ» አለችኝ፣ ካፖርቴን ስቆልፍ፤
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አሳረፈች። ባፌ መፍቻ ቋንቋ
«ሙያ በልብ» የሚባለው ይኸው ነው፤ እሷ በምን ታውቃ?
ስለዚህ የኦርቪል ስም ኦርቪል አይደለም፤ ስንዴም ጭኖ አያውቅም፤
ሻይም ላይሆን ይችላል። ይህኛውን ስሕተት አላርምም።

የሾርባው ዋጋ፣ ለመረጃ ያህል፣ በሃምሳ ሳንቲም ጨምሯል፤
«ባንተ ምክንያት» አለች። ከፈልኩ።
ቆርቆሮ ነው።
ይጣፍጣል።