የሰርዲን ያህል

ስድስት ዓመት ሙሉ በማቶዚኞስ ወደብ
ሰርዲን ሳጸዳ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ስክብ፣
ሽታው ሸትቶኝ አያውቅም፤
ደመወዝ አይሸትም።

በሰባተኛው ሳምንት ግን፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣
ባሕሩ በጉሮሮዬ ወጣ፣ ሊያስከፍለኝ የስድስት ዓመት ዕዳ።
ውኃ ጠጣሁ፤ መለስኩት።
ምራቄን ዋጥኩ፤ መለስኩት።
የሚመለስ ሲያጣ ሆዴ፣ ሐሞት፤
በሐሞቱ ጠርዝ ላይ፣ የደም ጥለት።

አማቴ ኤርሜሊንዳ በሩ ላይ ቆማ፣
«እኔስ አምስት ወለድኩ፤ አንድ ቀን ከሥራ ቀረች ሲባል ማን ሰማ?
ብስኩት ቆርጠም አድርጊ። ዝንጅብል ያዢ።»
አልመለስኩላትም፤ አፌ ሥራ ላይ ነበር፤
ሳፋው ላይ ተደፍቼ፣ አምስቱን ልጆቿን ስቆጥር።
አንደኛው ባሌ ነው።

አቢሊዮ ከፈረቃው ሲመለስ በሎሚ ይታጠባል፤
በሳሙና፣ በአሸዋ፣ እንደገና በሎሚ፤ ቆዳው ይላጣል።
ዓሣ ግን ከጥፍር ሥር አይወጣም።
«ዴኦሊንዳ፣ ልግባ?» ይላል። «አትግባ!» አይገባም።
ሃያ ሁለት ሌሊት ኮሪደር ላይ ተኛ፣
ሹራቤን ተንተርሶ፣ ከበሩ ሥር፣
እንደ ተባረረ ድመት።

ዘጠኝ ኪሎ ጎድዬ በአምቡላንስ ገባሁ፤
ደም ሥር እስኪያገኙልኝ ሦስቴ ተወጋሁ።
«ሽንቷ ላይ ኬቶን አለ፤ ሰውነቷ ራሱን እየበላ ነው፣»
አለ ወጣቱ ሐኪም፤ ለኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ነበር የነገረው።
ራሴን እየበላሁ! በስንት ጊዜ አንድ የረጋልኝ ምግብ።
ልስቅ ከጀለኝ፤ ከላይ ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ከጎኔ የተኛችው ሴት ሾርባዋን ክፍል ውስጥ አትጠጣም፤
ኮሪደር ላይ ቆማ ነው፤ ስሟን እንኳ ገና አላውቅም።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ክፍሉ ሁሉ ሲተኛ፣ አንድ ነገር ተመኘሁ፤
«ይውጣልኝ» አልኩ።
ምግቡን ማለቴ አልነበረም። ይኸው፣ ተናዘዝሁ።

ጧት ሲስተር ግራሲንዳ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀብታ፣
የአልትራሳውንዱን ማያ ወደኔ አዙራ፣ ጣቷን አስጠግታ፣
«ይታይሻል? ይኼ የሚርገበገበው ልቡ ነው። ቁመቱ ደግሞ
ትንሽዬ ሰርዲን ያህላል።»
ከበሩ ውጭ አቢሊዮ ሳቅ አመለጠው፤ በመዳፉ ሲያፍነው ይሰማኛል።
እኔ ሳፋውን ሳብኩ፤ ወደ ላይ አለኝ።
ከዚያ አፌን ጠረግሁና፣
«እስቲ እንደገና አሳዪኝ።»