የአሥራ አንድ ክረምት ሲሊኮን

አጂፕ ሰፈር፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
በአራት ድንጋይ የቆመ ካራቫን አለ፣ ጎማ አልባ፣ ሆዱ የላላ።
መንገድ ሠሪዎቹ ሲሄዱ ጥለውት፣
ለጥበቃው ለአባ ፊጣ በሦስት ወር ደሞዝ ፈንታ ሰጥተውት።
«ደሞዜ ይኸው» ይላሉ፣ ቆርቆሮውን በመዳፍ እየመቱ፣
«የሌላው በወሩ ያልቃል፤ የኔ ግን ይኸው ቆሟል፣ ስንት ዓመቱ!»

አሁን የልጅ ልጃቸው ነዚፋ ልብስ ስፌት ልትከፍትበት አስባ
ጠራችኝ፦ «አድስልኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ።»

ሥራዬ ይህ ነው፦
መስኮት ዙሪያ የተጋገረውን ማንሳት፣ ልጣጭ በልጣጭ፣
በምላጭ አይደለም፤ አሉሚኒየም ያቆስላል ምላጭ፣
ከዘይት ጀሪካን ጎን በቀደድኩት ቁራጭ።

ነጩ ይነሳል መጀመሪያ፣ እንደ ማስቲካ እየተሳበ፣
ከሥሩ ቢጫው፣ ፀሐይ ያስረጀው፣ ጠርዙ የተሰበሰበ፣
ከቢጫው ሥር ግራጫው፣ ከዚያ የአንዱ ዓመት ሬንጅ፣
ከሬንጁም ሥር ሳሙና ይሁን ሰም፣ እንጃ።

አባ ፊጣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩልኛል፦
«ይሄ አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ያለፈ ጊዜ ነው» ይሉኛል፣
«ያኛው ነዚፋ ማትሪክ የወደቀች ዓመት።»
(ከውስጥ፦ «አባባ!»)
«ይሄኛው ገንዘብ አጥቼ፣
ግማሽ ቱቦ ከቧንቧ ሠራተኛ ለምኜ፣ በአውራ ጣቴ ዘርግቼ።»

እውነታቸውን ነው። አየሁት።
ከአንዱ ርዝራዥ ላይ የአውራ ጣት መስመር አገኘሁት፣
በመሐሉ የሚያልፍ ሰያፍ ጠባሳ።
ቀና ብዬ እጃቸውን አየሁ። ያው ነው። ዝም አልኩ።

ፀጉር ማድረቂያ ከከሚሪያ የውበት ሳሎን ተውሻለሁ፣
ሳሞቀው ይለሰልሳል፣ እንደ ጅማት ስቤ አወጣለሁ።
መብራት ሲሄድ በጥፍሬ እቀጥላለሁ።
ከሚሪያ ሁለቴ መጥታለች፦ «ኧረ ሙሽራ ይዤ ቆሜያለሁ!»

«ለምን ታነሳዋለህ?» አሉኝ በሁለተኛው ቀን፣
«አዲሱን በላዩ ቀባውና እንገላገል አሁን።»
«አይይዝም» አልኳቸው። «ሲሊኮን ሲሊኮንን አይወድም፣
አዲሱ በአሮጌው ላይ ቢተኛም አይዛመድም።
የያዘ ይመስላል እንጂ በሳምንቱ ጠርዙ ይነሳል፣
ውሃ ደግሞ ጠርዝ ከሰጡት . . .»
«አውቃለሁ» አሉ፣ «ሰው ይመስላል።»

በሦስተኛው ቀን የኋላውን መስኮት ፈታሁ፣
የዛጉትን ብሎኖች በዘይት አርሼ አንድ በአንድ አወጣሁ።
ክፈፉ ሲነሳ
እንጨቱ የለም።
እንጨት የነበረበት ቦታ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ በሰበሰ ኮባ፣
ሽታው የተዘጋ ጉድጓድ።
አባ ፊጣ ተነሱ። ጣታቸውን ሰደዱ፤ እስከ አንጓው ገባ።

ምንም አላሉም። መሐረብ አውጥተው ጣታቸውን ጠረጉ፣
መፋቂያውን ከእጄ ወስደው የጎኑን መስኮት ጫፍ በጥፍራቸው ፈለጉ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራን፣ ሳንነጋገር።
በጅሬን በኩል ደመና መጣ፣ ማንንም ሳያማክር።
ስፌቱ ሁሉ ክፍት ነው። ሸራ ያለው ጎሚስታው ዘንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘግቶ ሄዷል።
ነዚፋ «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች፤ እጇ ራሷ ላይ ሆኗል።

ሌሊቱን ዘነበ። የጅማ ዝናብ ነው፣ አይለማመጡትም።
አልጋዬ ላይ ሆኜ ጠብታውን ብቆጥርም አልጨረስኩትም።

ንጋት ላይ ሄድኩ፣ ባልዲ ይዤ፣ ጨርቅ ይዤ።
ወለሉ ደረቅ አይባልም፤ ግን ኩሬ የለም።
ውሃው በላይኛው ስፌት ገብቶ፣
በታችኛው ወጥቶ፣
ድንጋዩን አርሶ መንገዱን ሄዷል።
አሥራ አንድ ክረምት መግቢያው ነበር የሚታደነው፣
ለካ ውሃውን የቸገረው መውጫው ነው።

አባ ፊጣ ከበሩ ላይ ቆመው፣ በላስቲክ ጫማ፣
«የታችኛውን ትንሽ ክፍት ተውለት» አሉ፣ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ።
ከዚያ ከኪሳቸው ብር ቆጥረው፦
«መርካቶ ውረድ። ሁለት ቱቦ። ነጭ እንዳይሆን፣ ነጭ ይቆሽሻል።»
ነዚፋ ከኋላዬ፦ «ነጭ ይሁን!»
ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ከሚሪያ፦
«ማድረቂያዬስ?»