ምኑን ልቀይርለት

መሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣
"ማመልከቻ ይጻፋል" ከምትል ታፔላ ሥር፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት፤
እዚያ ነው እንጀራዬ፣
ዐሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጥቁር ዴስክቶፕ፣ ባልደረባዬ።

ማታ ማታ የመንዝ ብርድ ሲጠና
በእናቴ ዝተት እሸፍነዋለሁ፤
"ላም አስተኛህ ወይ?" ይሉኛል ጎረቤቶቼ፣
"ጠዋት አልባታለሁ" እላለሁ።

ዘንድሮ ግን ጉልበቱ ከዳው።
ቁልፉን ተጭኜ፣ ሻይ አዝዤ፣
ሻዩ መጥቶ፣ ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣
እሱ ገና "እንኳን ደህና መጡ" ላይ ነው።

ከእቁቡ፣ ዕዳ ተከፍሎ፣ አራት ሺህ ብር ተረፈችኝ፤
ከኪሴ ሆና ሌት ተቀን "የቱን?" እያለች ጨቀጨቀችኝ።

ሰይፈ ጋ ደወልኩ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠጋኙ ጋ።
"ራም ጨምርለት" አለ፤ "ራም ማለት ገበታ ነው፣
ከጠበበ፣ አንዱ በልቶ ሳይነሣ ሌላው የት ይቀመጣል?"
ልክ ነው። ግን እኔ ቤት ስንት እንግዳ ይመጣል?
አንድ "ለክቡር ፍርድ ቤት"፣ አንድ የኪራይ ውል፣
አልፎ አልፎ የሠርግ ካርድ፣ እሱም በጥር ሲውል።

"እንግዲያው ዲስኩን" አለ፤ "ኤስኤስዲ ይግባለት፣
ሻይህ ሳይፈላ ይነሣል፣ እንደ ወጣት።"
ይሄም ልክ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል እሰማዋለሁ፣
ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ዳገት እንደሚወጣ የሽማግሌ ጉልበት።
ግን ስንቱን ይዞልኛል!
ባለጉዳዮቹ ታርቀው፣ ልጅ ለልጅ ተጋብተው
የረሱት የወሰን ክርክር
እሱ ሆድ ውስጥ እስካሁን አልታረቀም።

መብራቱም አለ። የእኛ መብራት ሄዶ ሲመለስ
እንደ ተቆጣ አማች ነው፣ በሩን በርግዶ ይገባል፤
አምና የዘነበችን ፎቶኮፒ እንዲያ አድርጎ በላው።
የኔም ፓወር ሰፕላይ አርጅቷል፣ ተራውን ይጠብቃል።
ሞኒተሩ ላይ፣ በስተቀኝ፣ ሐምራዊ መስመር ወርዷል፤
እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ፣ ህዳግ ነው ብዬ እጽፋለሁ።

በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ስደምር፣ ስቀንስ፣
እትዬ አሰገደች ገባች፣ ማመልከቻዋን እንደያዘች።
ሬጅስትራሩ መልሷታል።
"ባልሽ ያረፈው በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣
አቤቱታሽ የተጻፈው በሁለት ሺህ አንድ፤
በሕይወት ያለ ሰው ይወረሳል እንዴ?" ብሏታል።

አየሁት። እውነትም ታኅሣሥ፣ ሁለት ሺህ አንድ።
በዋዜማው መብራት ሄዶ ነበር፤
ሰዓቱ ወደ ልደቱ ተመልሶ፣
እኔም የጥጉን ቀን አምኜ ገልብጫለሁ።
አፈርኩ። ልቀድደው ስል እጄን ያዘችኝ፦
"ተው፣ እሱን ለኔ ስጠኝ።
ያን ዓመት እኮ ነበረ። ታኅሣሥ ላይ ጣሪያ እየመታ፣
ሚስማር በጥርሱ ይዞ ነበር የሚያወራኝ።"

አዲሱን አትሜ፣ ቀኑን በእስክሪብቶ ሞላሁላት።
አንዱን በእጇ ያዘች፣
አንዱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ሲመሽ ክዳኑን ፈታሁ።
የዐሥራ አራት ዓመት አቧራ፣ ከዝተቱ የረገፈ የበግ ጠጉር፣
ከራሙም ከዲስኩም በታች
የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ባትሪ።
ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት።
ሞታ ነበር፣ መርዶዋን ማንም አልነገረኝም።
ስድሳ ብር፣ ከሰዓት አዳሹ ከደምሰው።

መጀመሪያ እሷን ቀየርኩ።
ለሰይፈም ነገርኩት፦ ዲስኩን ቅዳሜ በሚኒባስ ላከው፣
አሮጌውን ግን አልጥልም፤
ፓወሩም ይምጣ፣ ብሩ ከደረሰ። ራሙ ይቆይ፣
እኔ ቤት እንግዳ ቢበዛ ደጅ ይጠብቃል።

አሁን መብራት ሄዶ ቢመጣም፣ ዛሬ ዛሬ ነው።
ፍጥነቱ ያው ነው፤
እስከ ቅዳሜ ሻይ አዝዛለሁ።